ቆጥሮ መናገር
ነዋሪዎች ራሳቸው አጥንተው በፖሊስና በፍርድ ሥራ ያለውን የዘር አድልዎ ለመቀነስ ስላደረጉት ጥረት የቀረበ ትምህርት

ከዚህ ካምፕ ወጥታ በሦስተኛ አገር ከሠፈረች አንዲት እናት መልእክት ደርሶን ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ፖሊስ አስቁሞ ኪሱን እንደፈተሸው፣ ምንም እንዳልተገኘበት፣ ይቅርታ የጠየቀው ሰውም እንደሌለ ገልጻልናለች። በመጨረሻም «ልጄ ያጠፋው ነገር አለ ወይስ መልኩ ነው ጥፋቱ? ይህንንስ በምን አውቃለሁ?» ስትል ጠይቃናለች።

መልእክቱ በውይይት ክበባችን ሲነበብ ብዙ ሰው ተናገረ። አንዳንዱ «በሰው አገር ናት፣ ችላ ዝም ትበል» አለ። ሌላው «ጠበቃ ይዛ ትክሰስ» አለ። አንድ አዛውንት ግን «መጀመሪያ ይቆጠር» አሉ። «የስንት ሰው ልጅ፣ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው መንገድ ላይ እንደተያዘ ካልተቆጠረ አቤቱታው ለቅሶ ሆኖ ይቀራል» ሲሉ ነገሩን ጠቀለሉት። የዛሬው ትምህርታችን የሚነሣው ከእኒህ አባት ቃል ነው።

በአገራችን በቀድሞ ዘመን ወንጀል ሠርቶ የተሰወረ ሰው ሲኖር የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ ነገሩን የሚያጣራበት አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት እንደነበረ ከታላላቆቻችን ሰምተናል። በዚያ ሥርዓት ሕዝቡ የሚሰበሰበው በሹም ትእዛዝ ሲሆን፣ የሚፈለገውም ጥፋተኛ ነበር። ዛሬ የምንማረው ግን ተገላቢጦሹን ነው። ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ ተሰብስቦ፣ ሕግ አስከባሪዎች ሥራቸውን ለሁሉም እኩል ይሠሩ እንደሆነ የሚያጣራበት ዘዴ ነው። ምሳሌዎቻችን በአብዛኛው ከአሜሪካ፣ አንዱም በእስራኤል ከሚኖሩ ወገኖቻችን የተወሰዱ ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እንድታስተውሉ እናሳስባለን።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት አንብባችሁ ስትጨርሱ፦
• መዛባትና አድልዎ በምን እንደሚለያዩ፣
• አንድ ቁጥር ብቻውን ለምን ማስረጃ እንደማይሆን፣
• ተራ ነዋሪዎች ጥናት አካሂደው ምን ሊያስገኙ እንደቻሉ፣
• እንዲህ ያለ ጥናት ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ
ለሌላ ሰው ማስረዳት እንድትችሉ ነው።

1. «ከምን ጋር ሲነጻጸር?»

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን እንለይ። መዛባት ማለት አንድ ወገን ከሌላው በበለጠ ሲያዝ፣ ሲፈተሽ ወይም ሲታሰር የሚታየው የቁጥር ልዩነት ነው። አድልዎ ማለት ደግሞ ያ ልዩነት የመጣው በሰዎቹ ሥራ ሳይሆን በዘራቸው ወይም በመልካቸው ምክንያት ሲሆን ነው። መዛባት ሁሉ አድልዎ አይደለም። ስለዚህ ጥናት የሚጀምረው «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

ከራሳችን ኑሮ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ የውሃ ቦኖ አጠገብ ከተጣሉት 10 ሰዎች 7ቱ ከአንድ ሠፈር ናቸው እንበል። «የዚያ ሠፈር ሰው ጠበኛ ነው» ለማለት እንቸኩላለን። ነገር ግን ከዚያ ቦኖ ከሚቀዱት 100 ሰዎች 70ዎቹ የዚያ ሠፈር ነዋሪዎች ከሆኑ 7 ከ10 መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ከ100 ቀጂዎች 20ዎቹ ብቻ የዚያ ሠፈር ሰዎች ቢሆኑ ግን ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። ጠቡን መቁጠር ብቻ ሳይሆን ቀጂውንም መቁጠር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህንኑ ሐሳብ ለፍርድ ቤት ካቀረቡት ሰዎች መካከል ጆን ላምበርት የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ይገኙበታል። ጉዳዩ የተነሣው በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ባለ ትልቅ አውራ ጎዳና ላይ ነው። በዚያ መንገድ የተያዙ ጥቁር ተከሳሾች «ፖሊስ የሚያስቆመን በመልካችን ነው» ብለው አመለከቱ። ፖሊስም «የምናስቆመው ሕግ የጣሰውን ነው» የሚል መልስ ሰጠ። ይህን ለማጣራት የላምበርት ቡድን በ1993 ዓ.ም. ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ከ42,000 በላይ መኪናዎችን ቆጠረ። ከዚያም በመኪና እየተጓዘ የፍጥነት ገደብ የሚጥሱት እነማን እንደሆኑ መዘገበ።

ውጤቱ እንዲህ ነበር። በመንገዱ ከሚያልፉት መኪናዎች ጥቁር ሰው የያዙት 13.5 በመቶ ያህል ናቸው። ከገደብ በላይ ከሚነዱትም መካከል ጥቁሮች 15 በመቶ ያህል ነበሩ። ገደቡን የማያልፍ መኪና ማግኘት አስቸጋሪ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ፖሊስ ካስቆማቸው ውስጥ ጥቁሮች 35 በመቶ ገደማ ሆነው ተገኙ። ሕግ በመጣስ ረገድ ጥቁሩና ነጩ ተቀራራቢ ሆነው ሳለ፣ በመያዝ ረገድ ግን ጥቁሩ ከድርሻው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 1996 ዓ.ም. ማስረጃውን ተቀብሎ ለተከሳሾቹ ወሰነ። በ1999 ዓ.ም. የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ራሱ ችግሩ በእርግጥ መኖሩን አመነ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ለፍርድ ቤቱ የቀረበው የተበደሉ ሰዎች ምሬት ብቻ ቢሆን ኖሮ «የእናንተ ቃል ከፖሊስ ቃል በምን ይበልጣል?» ሊባል ይችል ነበር። መንገድ ዳር ተቀምጦ መኪና መቁጠር ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገሩን የለወጠው ግን ያ ቆጠራ ነው።

2. ከአፍሪካ የሄደ አንድ ወጣት

የካቲት 4 ቀን 1999 ዓ.ም. ሌሊት በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ አማዱ ዲያሎ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት በራሱ ቤት በር ላይ ተገደለ። ዲያሎ ከጊኒ የሄደ፣ በመንገድ ላይ ዕቃ እየሸጠ የሚተዳደር ስደተኛ ነበር። መለዮ ያልለበሱ አራት ፖሊሶች አስቆሙት። ኪሱ ውስጥ እጁን ሲከት መሣሪያ የሚያወጣ መስሎአቸው 41 ጥይት ተኮሱ፤ 19ኙ አገኙት። በእጁ የነበረው የኪስ ቦርሳ ነው። ፖሊሶቹ ተከሰው በ2000 ዓ.ም. በነጻ ተለቀቁ።

ከሞቱ በኋላ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም ፖሊስ ሰዎችን አስቁሞ በፈተሸ ቁጥር የሞላቸውን 175,000 ያህል ቅጾች አስመርምሮ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ውጤቱን ይፋ አደረገ። ጥቁሮች ከከተማው ሕዝብ ሩብ ያህል ሲሆኑ፣ ከተያዙት ግን ግማሽ ያህሉን ይዘው ተገኙ። በየሠፈሩ ያለው የወንጀል መጠን ታስቦ ሲቀነስም መዛባቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ቀጥሎ የመጣ ሌላ ክስ በ2003 ዓ.ም. በስምምነት ሲያልቅ ፖሊስ ማንን ለምን እንዳስቆመ መመዝገቡንና መረጃውን ማቅረቡን እንዲቀጥል ግዴታ ገባ። ይህ መዝገብ ኋላ ላይ ለነዋሪዎች ትልቅ መሣሪያ ሆኗል።

3. የብሮንክስ እናቶችና ወጣቶች ያካሄዱት ጥናት

ፖሊስ መመዝገቡን ቢቀጥልም አስቁሞ መፈተሹ አልቀነሰም። እንዲያውም በ2011 ዓ.ም. ብቻ 685,724 ጊዜ ሰዎች በኒው ዮርክ መንገዶች ላይ እንዲቆሙ ተደርገዋል። የአሜሪካ ሕግ ፖሊስ ሰውን ለአጭር ጊዜ ማስቆም የሚችለው በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ሲኖረው ነው ይላል፤ ይህንንም ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1968 ዓ.ም. ደንግጎታል። የነዋሪዎቹ ጥያቄ «ይህ ሁሉ ሰው በእርግጥ በምክንያት ነው የተጠረጠረው?» የሚል ነበር።

በዚያው ዓመት በደቡብ ብሮንክስ፣ ሞሪስ በሚባለው ጎዳና አካባቢ፣ ነዋሪዎች ከአንድ የከተማው ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የሞሪስ የፍትሕ ጥናት የተባለውን ሥራ ጀመሩ። ከጀማሪዎቹ መካከል ልጆቻቸው በየጊዜው የሚፈተሹባቸው እናቶች ይገኙበታል። ጥናቱ የሸፈነው 40 ያህል የቤት ረድፎችን ነው፤ በእኛ አነጋገር ጥቂት ዞኖች እንደማለት ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ማየት ይጠቅመናል።

መጀመሪያ፣ ጥያቄዎቹን ያዘጋጁት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ተመራማሪዎቹ የጥናት ዘዴ አስተማሩ፤ ምን መጠየቅ እንዳለበት ግን የሚያውቀው በሠፈሩ የሚኖረው ሰው ነው። የውጭ ሰው «ስንት ጊዜ ተይዘሃል?» ብሎ ሊያቆም ይችላል። እናት ግን ልጁ ከቤት መውጣት እንደፈራ፣ ሱቅ ሲላክ መንገድ እንደሚቀይር ታውቃለችና ያንንም ትጠይቃለች።

ሁለተኛ፣ መጠይቁን ይዘው በየመንገዱና በየበሩ የዞሩት ነዋሪዎች ናቸው። 1,030 ሰዎች መልስ ሰጡ። ለማያውቀው ሰው በሩን የማይከፍት ሁሉ ለጎረቤቱ ይከፍታል። ከዚህም ሌላ በቡድን እየተቀመጡ ተወያዩ፣ ግለሰቦችንም በሰፊው አነጋገሩ።

ሦስተኛ፣ ውጤቱን አብረው ተቀምጠው አነበቡ። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የተረጎሙት ምሁራኑ ብቻቸውን አይደሉም። የፖሊስን መዝገብና የነዋሪውን መልስ ጎን ለጎን አስቀምጠው አመዛዘኑ።

አራተኛ፣ የተገኘውን ለሰጣቸው ሕዝብ መለሱ። ጥናቱ በዩኒቨርስቲ መደርደሪያ ላይ እንዲቀር አልፈለጉም። በኪስ የሚያዝ ትንሽ ወረቀት አሳትመው አደሉ። የእግረኛ መንገድ ላይ ቆመው ውጤቱን ለአላፊ አግዳሚው እያሳዩ «የእርስዎስ ገጠመኝ?» እያሉ ጠየቁ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ምሽት ለፖሊስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ በመብራት አማካይነት በአንድ ረጅም መኖሪያ ሕንጻ ግድግዳ ላይ እንዲነበብ አደረጉ። የሠፈሩ ሰው በመስኮትና በመንገድ ላይ ሆኖ የራሱን ቃል አነበበ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንዲት እናት ብቻዋን ብትናገር «የልጇ ነገር ሆኖባት ነው» ትባል ነበር። ከሺህ በላይ ሰው በአንድነት ሲናገር ግን ነገሩ የሠፈር ጉዳይ መሆኑ ታወቀ።

4. ፍርድ ቤቱ የተመለከተው ቁጥር

በዚሁ ጊዜ ነዋሪዎች በከተማው ላይ ያቀረቡት ክስ በመታየት ላይ ነበር። ክሱ የተመሠረተው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከከሳሾቹ በአንደኛው ስም የፍሎይድ ጉዳይ ተብሎ ይታወቃል። ዳኛዋ ሺራ ሻይንድሊን ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ውሳኔ ሰጡ። በውሳኔው ከሠፈሩት ቁጥሮች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• ከጥር 2004 እስከ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ፖሊስ 4.4 ሚሊዮን ጊዜ ሰዎችን አስቁሟል።
• ከተያዙት 52 በመቶው ጥቁሮች፣ 31 በመቶው ከላቲን አሜሪካ የመጡ ወይም የእነርሱ ተወላጆች፣ 10 በመቶው ነጮች ነበሩ።
• በ2010 ዓ.ም. ከከተማው ሕዝብ ጥቁሮች 23 በመቶ፣ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች 29 በመቶ፣ ነጮች 33 በመቶ ነበሩ።
• ከመቶ ጊዜ 88ቱ ማንንም ለእስር ወይም ለክስ ሳያበቁ በመለቀቅ አልቀዋል።
• ለመሣሪያ ከተፈተሹት ውስጥ መሣሪያ የተገኘው 1.5 በመቶው ላይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ምናልባት ጥቁሮቹ ይበልጥ ወንጀል ስለሚሠሩ ይሆናል» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከተማውም በፍርድ ቤት ያቀረበው ክርክር ወደዚህ ያዘነበለ ነበር። ዳኛዋ ግን ከተያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ጥፋት ያልተገኘባቸው ከሆነ ከወንጀለኞች ጋር ማነጻጸር ትክክል አይደለም ብለው ወሰኑ። የተያዘው ሰላማዊ መንገደኛ ነውና መነጻጸር ያለበት ከሰላማዊ መንገደኛ ጋር ነው።

ሌላም መመዘኛ አለ። ፖሊስ ጥቁሩን የሚያስቆመው በእውነተኛ ምክንያት ቢሆን ኖሮ በጥቁሩ ላይ የሚገኘው መሣሪያ ነጩ ላይ ከሚገኘው ቢያንስ እኩል መሆን ነበረበት። ቁጥሩ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ከተያዙት ጥቁሮች 1.0 በመቶ፣ ከተያዙት ነጮች ደግሞ 1.4 በመቶ መሣሪያ ተገኝቶባቸዋል። ይህም ማለት ጥቁሩን ለማስቆም ይበቃ የነበረው ምክንያት ነጩን ለማስቆም ከሚያስፈልገው ያነሰ ነበር ማለት ነው። ይህን ዘዴ በሚገባ እንድትይዙት እንመክራለን፤ በብዙ ጉዳይ ላይ ይሠራል።

ዳኛዋ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ወስነው፣ የሚከታተል ገለልተኛ ሰው እንዲሾም፣ ለማሻሻያውም የነዋሪዎች ሐሳብ እንዲጠየቅ አዘዙ። የከተማው ምክር ቤትም በዚያው ወር ፖሊስን የሚመረምር ጽሕፈት ቤት የሚያቋቁምና በዘር መለየትን አጥብቆ የሚከለክል ሕግ፣ ከንቲባው ቢቃወሙትም፣ አጸደቀ።

5. ምን ተለወጠ? ምንስ ቀረ?

በ2011 ዓ.ም. ወደ 686,000 የተጠጋው ቁጥር በ2015 ዓ.ም. 23,000 ገደማ ደረሰ። «ፍተሻ ከቀነሰ ወንጀል ይበዛል» የሚለው ስጋትም በዚያን ጊዜ አልታየም። በከተማው በ2011 ዓ.ም. ከ500 በላይ ሰዎች ሲገደሉ፣ በ2017 ዓ.ም. የተገደሉት ከ300 በታች ነበሩ። የወንጀል መቀነስ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ ቢያንስ ግን ያ ሁሉ ፍተሻ ለጸጥታ የግድ አስፈላጊ እንዳልነበረ ታየ።

ይሁን እንጂ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የሚያዘው ሰው ጠቅላላ ቁጥር ቢወርድም፣ ከሚያዙት መካከል ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ያላቸው ድርሻ እንደ በፊቱ ከፍ ብሎ ቀርቷል። በቁጥር ያነሰ ሰው ይቸገራል፤ የሚቸገረው ግን ያው ሰው ነው። ይህንንም ያወቅነው ቆጠራው ስላልተቋረጠ ነው።

ጊዜውንም እናስተውል። ከዲያሎ ሞት እስከ ፍርዱ ድረስ አሥራ አራት ዓመት አልፏል። በዚህ መካከል የደከሙ፣ ተስፋ የቆረጡ፣ ሠፈር የለወጡ ይኖራሉ። መዝገቡ ግን አልጠፋም።

6. በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን

ይህ ነገር የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በእስራኤል አገር፣ ሆሎን በተባለች ከተማ፣ አንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወታደር መለዮውን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም ወጣ። ቤተ እስራኤላውያን በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ ወጡ። መንግሥት በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዲሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በኮሚቴው ውስጥ የኢትዮጵያ ተወላጆችም ነበሩበት። ኮሚቴው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ዘረኝነት መኖሩን አምኖ ፖሊስን ጨምሮ ለብዙ መሥሪያ ቤቶች የማሻሻያ ሐሳብ አቀረበ። ሆኖም ችግሩ በሪፖርት ብቻ አልቆመም። በሰኔ 2019 ዓ.ም. በሃይፋ አካባቢ ወጣቱ ሰሎሞን ተካ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ፤ ተቃውሞውም እንደገና ተቀጣጠለ።

ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ፣ ስሙንም ከቋንቋችን ወስዶ «ጠበቃ» የተባለ የኢትዮጵያ ተወላጆች የሕግ ድርጅት ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰደ። ፍርድ ቤቱም በ2021 ዓ.ም. ፖሊስ በቂ ጥርጣሬ ሳይኖረው መንገደኛን አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅ እንደማይፈቀድለት ወሰነ። በአባቶቻችን ዘመን «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ቃሉ የሚሠራው ግን የሚያስቆመውም የሚቆመውም ለአንድ ሕግ ሲገዙ ነው። የእነዚህ ወገኖቻችን ጥያቄም ይኸው ነበር።

7. እንዲህ ያለ ጥናት እንዴት ይካሄዳል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከላይ ካየናቸው ምሳሌዎች የሚከተሉትን ደረጃዎች አውጥተናል።

ሀ) ጥያቄውን ማጥበብ። «ፍትሕ አለ ወይስ የለም?» የሚል ጥያቄ አይጠናም። «ባለፉት ስድስት ወራት በዚህ መንገድ ላይ የተያዙት ወጣቶች እነማን ናቸው?» የሚለው ግን ይጠናል።

ለ) ያለውን መዝገብ መፈለግ። መሥሪያ ቤቶች ብዙ ነገር ይመዘግባሉ። ሕግ በሚፈቅደው መንገድ በጽሑፍ መጠየቅ ይቀድማል።

ሐ) መጠይቁን ማዘጋጀት። ቃሉ ቀላል ይሁን፤ መልሱን የሚጎትት አይሁን። «ፖሊስ ያስቸግርሃል አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገውን ብቻ ይሰማል። «ባለፈው ወር ፖሊስ አስቁሞህ ያውቃል? ስንት ጊዜ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ነዋሪው በሚናገርባቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይዘጋጅ።

መ) ሁሉንም ወገን መጠየቅ። የተበደለውን ብቻ ከጠየቅን ሁሉም ተበድሏል የሚል ውጤት እናገኛለን። በየአምስተኛው ቤት ማንኳኳት አንድ ዘዴ ነው። ሴቶችም፣ አረጋውያንም፣ ምንም ያልደረሰባቸውም ይጠየቁ።

ሠ) ማነጻጸሪያ መያዝ። የተያዘውን ከቆጠርን የሚያልፈውንም እንቁጠር።

ረ) የማያስደስተውንም ውጤት መጻፍ። ቁጥሩ የእኛን ግምት ካልደገፈ ያንን መደበቅ አይገባም። አንድ ጊዜ የተዋሸ ቁጥር ሌላውን እውነት ሁሉ ያስጠረጥራል።

ሰ) ለሕዝቡ መመለስ፣ ከዚያም ከኃላፊዎች ጋር መቀመጥ። ጥናት ክስ ብቻ አይደለም፤ የመነጋገሪያ መነሻም ነው። ቁጥሩን ካዩ በኋላ አሠራራቸውን የለወጡ ኃላፊዎች አሉና።

8. ጥንቃቄ

ውድ አንባብያን፣ እኛ ስደተኞች ነን። ስለዚህ ይህን ክፍል በተለይ አስተውላችሁ እንድታነቡት አደራ እንላለን።

የመልስ ሰጪው ስም፣ የቤት ቁጥር ወይም የመታወቂያ ቁጥር በመጠይቅ ላይ አይጻፍ። ማንም ሰው ሳይፈቅድ አይጠየቅ፤ ጀምሮም መተው ይችላል። ሕፃናት ያለ ወላጅ ፈቃድ አይጠየቁ። የተሰበሰበው ወረቀት በአንድ ታማኝ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። በመጠይቁ ላይ ከባድ በደል የነገረን ሰው ቢኖር ታሪኩን ለሌላ አናውራ፤ ፈቃዱን ጠይቀን የጥበቃ አገልግሎት ወደሚሰጠው ክፍል እንምራው። በካምፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማኅበረሰቡ ተወካዮችና የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይወቁት፤ የምንኖርበት አገር ሕግም ይከበር። ፖሊስ ያስቆመውም ሰው በቦታው ላይ ከመከራከር ይልቅ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን አስታውሶ በኋላ ቢያስመዘግብ ይሻለዋል። ለዚያች እናት የላክነው መልስም ይኸው ነው። እርስዋም ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና አንድ ደብተር እንድትከፍት፣ በአካባቢዋም ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ድርጅት እንድትጠይቅ ነግረናታል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ታማኝ አንሆንም። አድልዎ የሌላው ሰው በሽታ ብቻ አይደለም። እኛም በዚህ ካምፕ ውስጥ ከተለያየ ብሔረሰብ፣ ሃይማኖትና አገር የመጣን ነን። ጠብ ሲነሣ የምንዳኘው በሽማግሌዎቻችን ነው። ለመሆኑ ቁጥሩ ያነሰው ወገን አቤቱታ ይዞ ሲመጣ እንደ ብዙኃኑ ይሰማል? ካሣ ሲቆረጥ ለአንዱ ከፍ ለሌላው ዝቅ ይላል? ሴት ከሳሽ ስትሆንስ? ሽማግሌዎቻችን ደጋግ ሰዎች መሆናቸውን እናምናለን። የኒው ዮርክ ፖሊሶችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ራሳቸውን አድሏዊ ናቸው ብለው አያምኑም ነበር። ልብ የማያየውን መዝገብ ያሳያል። በመሆኑም በየዞኑ የሽምግልና ጉዳዮች ያለ ስም፣ በዓይነትና በውሳኔ ብቻ፣ በአንድ ደብተር ላይ ቢሠፍሩ፣ በዓመቱ መጨረሻም አብረን ብናነባቸው መልካም ነው እንላለን። ሌላውን እኩል ዳኘን የምንለውን ያህል እኛም እኩል መዳኘታችንን ማሳየት ይጠበቅብናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. መዛባትና አድልዎ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከካምፑ ኑሮ አንድ አንድ ምሳሌ ስጡ።
2. በኒው ጀርሲ መንገድ ላይ የተያዙት ሰዎች ብቻ ተቆጥረው የሚያልፉት ባይቆጠሩ ኖሮ ፍርዱ ምን ይሆን ነበር?
3. ከተያዙት ጥቁሮች 1.0 በመቶ፣ ከነጮች 1.4 በመቶ መሣሪያ መገኘቱ ምን ያስረዳል? ለጎረቤታችሁ በራሳችሁ ቃል አስረዱ።
4. የብሮንክስ ነዋሪዎች ውጤቱን በመንገድ ላይ ለሕዝብ መመለሳቸው ምን ጥቅም አስገኘ?
5. በዞናችሁ እንዲህ ያለ ጥናት ቢካሄድ የትኛውን ጥያቄ ትመርጣላችሁ? ምን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል? እንዴትስ ይከላከሉታል?
6. በዞናችሁ ሽምግልና ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ወገኖች ይወከላሉን?

መልሳችሁን በጽሑፍ ወይም በቃል ለክበባችን ብታደርሱን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስም ሳንጠራ አንብበን እንወያይበታለን።